እመት አንጓች፣ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ

የእመት አንጓችን ሞት የሰማነው ሳንጃ ሳለን ነው። ሰሊጥ ሊጭን ከጎንደር የወረደ የማኪና ረዳት ክሊኒኩ በር ላይ ቆመና ባርኔጣውን አውልቆ ለባለቤቴ፣ «ድሬሰር፣ ወገራ ይፈልጉሃል» አለው። በእኛ አገር ባርኔጣ ተወልቆ «ይፈልጉሃል» ከተባለ የሚቀረው ጥያቄ ማን ሞተ የሚለው ብቻ ነው። ባለቤቴ ዳኘው የሰው ቁስል አጥቦ እጁን በሳሙና እየታጠበ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እማዬ ናት?» አለ። ዳኘው እስከ ክርኑ ታጠበ፣ አለቀለቀ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቀሰው። ቅደም ተከተሉን እናቱ ቢያዩት ኖሮ ይኮሩበት ነበር።

ወገራ ስንደርስ ተቀብረዋል። ለቀስተኛው ሁሉ፣ «ምን አገኛቸው?» እያለ ይጠይቃል፤ ቤተ ዘመዱም፣ «ኧረ ምንም» ይላል። ምሳቸውን በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ጋደም አሉ፤ በቃ አልተነሡም። ይህ መልስ ማንንም አላረካም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽታን ደጅ ላይ ቆመው የመለሱ ሴት በመጨረሻ ቢያንስ ስም ባለው በሽታ መረታት ነበረባቸው። አንዷ «ምች ነው» አለች፤ ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች፤ አንድ ቄስ ደግሞ «ዕድሜ የሚባል ነገርም አለ እኮ» ቢሉ ሰሚ አጡ።

ከሁሉ ይልቅ ያለቀሱት እመት ጠጂቱ የሚባሉ የልጅነት ጓደኛቸው ነበሩ። እኒህ ሴት ከእመት አንጓች ጋር በዕድሜ የተካከሉ ናቸው። ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ፣ ገላቸውን ውሃ የሚነካው ለጥምቀት ብቻ ነው እየተባሉ ይታማሉ፤ ጥርሳቸው ግን አንድ አልጎደለም፣ ድምፃቸውም ከማዶ ይሰማል። አልቅሰው ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞረው፣ «ስንት ጊዜ መከርኋት! አንጓች፣ ይህ መታጠብ ይቅርብሽ፣ ይጎዳሻል፣ አልኋት። እምቢ አለች። ይኸው!» አሉኝ።

እመት አንጓች አማቴ ነበሩ። ዳኘው ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሞች ሥር ሠርቶ ድሬሰር ከሆነ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ከፍቶ ነበር። ቤቱ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል መድኃኒት ቤት፣ የኋለኛው መኖሪያችን፣ በመካከሉ መጋረጃ። ከተጋባን ወዲያ እናቱ አዲሷን ሙሽራ ለማየት ከወገራ ለሳምንት ብለው መጡ። ሳምንቱ ልጃችን ተወልዳ እስክትሮጥ ድረስ ቆየ።

የመጡ ዕለት፣ «እስቲ ምራቴን አሳዩኝ» አሉ። ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝና እጄን ያዙ። ሊስሙኝ መስሎኝ ነበር። ጥፍሬን አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከዚያ የቀሚሴን አንገትጌ ገልበጥ አድርገው ስፌቱ ውስጥ ቅማል ፈለጉ። ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሸጋ ናት» አሉ። እኔ መልኬን ያሉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ ሳጣራ ጥፍሬን ነበር ያሉት።

ውሎአቸው እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ የታወቀ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ተጉመጥምጠው፣ ጥርሳቸውን በወይራ መፋቂያ ፍቀው፣ ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት አረቄ ከመለኪያ ላይ ፉት ይላሉ። «ለጉሮሮ ነው» ይላሉ። ሽንኩርቱ መለኪያው ውስጥ አይታይም፤ ጠርሙሱ ሥር ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ሰማዩ ዝናብም ይሁን ፀሐይ እስከ ቀሃ ኢየሱስ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ጋቢና አንሶላ ሁሉ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ተስቦ አለ ሲባል ደግሞ ጋቢያችን በትልቅ ድስት ተቀቅሎ እኛ ብርድ ላይ እንቀመጣለን። ምግብ ላይ እጃችን ወደ መሶቡ ሲመላለስ ያዩንና፣ «ሆድና ጎተራ ሙሉውን ከሞላኸው አይጥ ይገባዋል» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም የሚደግሙት አንድ ተረት ነበራቸው፤ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።»

ያሉት ሁሉ ልክ ነበር ብዬ አልዋሽም። መስኮት ተከፍቶ ከታደረ ነፍስ በብርድ ትወጣለች ይሉ ስለነበር በበጋ እንኳ እንደ ዳቦ ታፍነን እናድር ነበር። ለመርፌ ደግሞ የመረረ ጥላቻ ነበራቸው። «ብረት ገላ ውስጥ ሲገባ ብርዱን ጥሎ ነው የሚወጣ» ይላሉ። ይህን የሚሉት ከመርፌ እንጀራ የሚበላ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ነው።

መቀመጫቸው የመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለችው መደብ ነበረች። እንዝርታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ወደ ውስጥ የሚያልፍ ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። ያን ጊዜ ሰው መርፌ ይወድ ነበር፤ ራሱን ላመመውም፣ ሆዱን ለቆረጠውም፣ ሚስቱ ለኮበለለችበትም መርፌ ነው የሚጠይቅ። እሳቸው መደባቸው ላይ ሆነው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን በልተህ ነው?» ብለው ይጀምራሉ። ሊገባ የመጣው ሁሉ መግባቱን ይረሳል። የሆድ ቁርጠት ያለበት ተልባ ጠጣ ይባላል፣ ጉንፋን የያዘው ዝንጅብልና ማር፣ ሥራ የሰለቸው ደግሞ «ተኛ፣ ነገ ይለቅሃል።» ብዙ ጊዜም ይለቀዋል። ዳኘው በውስጥ በኩል መርፌውን በላምባ ምድጃ ቀቅሎ፣ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባዶ ወንበር ሲያይ ይውላል።

ከደንበኞቻችን ሁሉ ትልቁ ግራዝማች ደምሴ ነበሩ። ሰኞ ሰኞ በበቅሎ እየመጡ «የጉልበት መርፌ» ይወጋሉ። ራሳቸውን ይከብዳቸዋል፣ ዳገት ላይ ልባቸው ይመታል። ዳኘው ቫይታሚን ይወጋቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ እኛም ደስ ይለናል። አንድ ሰኞ እመት አንጓች በቅሎዋ ደጃፉ ላይ ስትቆም እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ግራዝማች፣ ምነው? ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ኧረ ድካም ነው እመት። ጉልበቴ ከዳኝ።»

«ከየት መጡ?»

«ከቤቴ ነዋ!»

«ቤትዎ ያ ዋርካው ሥር ያለው አይደለም? ከዚህ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርሰው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው በቅሎዋ ትድከም እንጂ እርስዎን ምን አደከመዎት?»

ግራዝማች ተቆጡ፤ ግን ከበቅሎዋ አልወረዱም፣ አልሄዱምም። እመት አንጓች ቀጠሉ።

«ትናንት ራትዎ ምን ነበር?»

«ምን ነበር… ጥቂት ቁርጥ። ጥቂት ዶሮ። ጥቂት ጠጅም ነበር።»

«ጥቂትና ጥቂት ሲዛመዱ ብዙ ይወልዳሉ፣ ግራዝማች። በቅሎዋን ያሳርፏት። በእግርዎ ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ። ማታ ጎመን ይብሉ፤ ሳይጠግቡ ይነሡ። ይህን አድርገው ካልተሻለዎት ልጄ የትም አይሄድ፤ መርፌውም አይሻግት።»

«በእርጅናዬ ሴት ልትመክረኝ!» ብለው በቅሎዋን አዞሩ። ሰኞ መጣ፣ ቀሩ። ሌላም ሰኞ መጣ፣ ቀሩ። ዳኘው ከእናቱ ጋር መነጋገር አቆመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግራዝማች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው በእግራቸው ሲመጡ ታዩ፤ ከኋላቸው አሽከራቸው ማር ይዟል። ዳኘው በደስታ ብድግ ብሎ ወንበሩን ጠረገ። ግራዝማች ግን ደጃፉ ላይ ቀሩ። እመት አንጓችን ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ማሩን ሰጡ፣ ስለ ጤናቸው ረጅም ምስጋና አቀረቡ፣ በመጡበት እግርም ተመለሱ። ወደ ውስጥ እንኳ አላዩም።

ያን ቀን ዳኘው ኩርፊያውን ፈታ። ደጃፉ ላይ ወጥቶ፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሰው ካልታመመ እኛ ምን እንበላለን?» አላቸው።

«ሽሮ» አሉ ፈትላቸውን ሳያቋርጡ። «ለሆድም ይቀላል።»

ዳኘው ያሸነፈበትም ቀን ነበር። አንዲት እናት ሳል የያዘው ሕፃን ታቅፋ ብትመጣ እመት አንጓች መደቡ ላይ አስቀምጠው ዳማ ከሴ እያሹ ያሸትቱት ጀመር። ዳኘው የሕፃኑን አተነፋፈስ በመጋረጃው በኩል ሰምቶ እየሮጠ ወጣና ከእጃቸው ነጠቃቸው። «እማዬ፣ ይህ የዳማ ከሴ አይደለም!» ብሎ ጮኸባቸው። ሕፃኑ በፔኒሲሊን ዳነ። በማግሥቱ እመት አንጓች ለጎረቤቱ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ «ዳማ ከሴው መንገዱን ጠረገለት፣ ከዚያ መርፌው ገባ» ይላሉ።

ልጃችን አስካለ መሮጥ በጀመረችበት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከአርማጭሆ በኩል ፈንጣጣ ተነሣ የሚል ወሬ መጣ። ቀጥሎ ወሬው ሳይሆን ሰዎቹ መጡ፤ ገበያ ውስጥ ፊቱን የተከናነበ ሰው ሲታይ ሕዝቡ ይበተን ጀመር። አንድ ወጣት የጤና መኮንን ካኪ ለብሶ መድኃኒት ቤታችን ገባና ለዳኘው የክትባት ብልቃጦች አስረከበው። «ይህን ሰፈር አንተ ክተብ። ሰዉ የእናንተን ቤት ያምናል» አለው። ግማሽ ልክ ነበር። ሰዉ የቤታችንን ደጃፍ ነበር የሚያምነው፤ ውስጡን አይደለም።

ዳኘው ጠረጴዛውን አጠበ፣ መርፌውን ቀቀለ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ማንም አልገባም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከመንገዱ ማዶ ቆመው መደቡን ያያሉ። እመት አንጓች ይፈትላሉ። በመጨረሻ አያ ተሰማ የሚባሉ አናጢ ጎረቤታችን መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«እመት፣ ምን ይላሉ? እንከተብ?»

«የታመመ ሰው ሲወጋ አይቻለሁ» አሉ እመት አንጓች። «ጤነኛ ሰው ምን በወጣው ይወጋል? በሽታ በሌለበት ገላ መድኃኒት ምን ሊሠራ ይገባል?»

ከማዶ የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን አጥብቀው አዝለው መሄድ ጀመሩ። ይህን ጊዜ ዳኘው በነጭ ካፖርቱ እንዳለ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል።

«እማዬ! ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ትይ የለም? ጠዋት ማታ፣ እኔ እስክታመም ድረስ ትይ የለም? ይህ ምንድን ነው ታዲያ? ይኸው እኮ ነው መጠንቀቁ! ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው!»

ሰዉ ቆመ። አያ ተሰማ መጀመሪያ ሳሉ፣ ከዚያ ሳቁ። «እመት፣ ልጅዎ በገዛ ገመድዎ አሰረዎት!» አሉ። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እመት አንጓች እንዝርታቸውን ጠቀለሉና ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ተከትያቸው ስገባ ጋቢያቸውን እያጠፉ ነበር።

«ምነው እመት፣ ወዴት ነው?»

«አገሬ። ይህችንም ልጅ እወስዳታለሁ። አንቺም ብትፈልጊ ተከተይኝ።»

«ፈንጣጣ እኮ እየመጣ ነው፣ እመት። መንገድ ላይ ቢይዛትስ?»

«ከፈንጣጣ ጋር እንተዋወቃለን» አሉ። አስካለን አልጋው ላይ አቅፈው ተቀመጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የነገሩኝ።

«ከዳኘው በፊት ልጅ ነበረኝ። ሞገስ ይባላል። ያኔም እንዲህ ፈንጣጣ መጣ ተባለና ባሌ ከታቢ አስመጣ። የአገሩ ልማድ ነው። ከታመመ ሰው ቁስል መግሉ ይወሰድና በማር ተለውሶ ክንድ ተጭሮ ይቀባል። ቀላሉ ይይዘውና ከባዱ ያልፈዋል ይባል ነበር። ከታቢውም ምሎ ተገዝቶ፣ ምንም አይሆን፣ እኔ አውቃለሁ፣ አለ። ልጁ ፈራ። ከእኔ በቀር ማንንም አላስጠጋ አለ። እኔ ነኝ ክንዱን የያዝኩት። ለጤናህ ነው፣ ለጤናህ ነው፣ እያልኩ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«የጎረቤቶቻችን ልጆች ሁሉ ዳኑ» አሉ። «ለእነሱ ቀላሉ ሆነላቸው። ለእኔ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ ማጠብ የጀመርኩት። ውሃ ሰው ሲገድል አላየሁም።»

ዘወር ስል ዳኘው መጋረጃውን ይዞ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ነበረ አላውቅም። ወንድም እንደ ነበረው ያን ቀን ነው የሰማ። ካፖርቱን አውልቆ እናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ያንን የሚያህል ድሬሰር የእናቱን ቀሚስ ጫፍ እንደ ሕፃን ይዞ ቆየ። ከዚያ ብልቃጡን ከኪሱ አወጣ።

«እማዬ፣ ይህ ከሰው ቁስል አይደለም። ከጥጃ ነው የተወሰደ።»

«ከጥጃ?»

«ከጥጃ።»

የወገራ ሴት ናቸውና ከብት ያውቃሉ። አፍንጫቸውን ጠርገው ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያዙት። «ጥጃዋ ጤነኛ ናት?»

«ጤነኛ መሆኗን የሚያዩ ሐኪሞች አሉ።»

«ምን ትበላለች?»

«እሱን አላውቅም፣ እማዬ።»

እኔ ሣር ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ማንም ሰው ሣር ይል ነበር። ዳኘው ግን የማያውቀውን አላውቅም አለ። የረታቸው ያ ይመስለኛል። እመት አንጓች ተነሡ።

«እንግዲያው ከእኔ ጀምር። እኔ አርጅቻለሁ፤ ብሞት የጤፍ አጨዳ አይስተጓጎል። የእኔ ክንድ ድኖ ሳላይ ግን ይህችን ልጅ አትነካትም። በል፣ እጅህን ታጠብ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«እኔ ሳላይ ነው የታጠብኸው።»

መርፌው እንደገና ተቀቀለ፣ የዳኘው ጥፍር እንደገና ተቆረጠ። ሲከተቡም ውስጥ አይደለም፤ ደጃፉ ላይ፣ መደባቸው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ክንዳቸውን ለፀሐይ እንኳ አሳይተው የማያውቁ ሴት የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ትከሻ ሰበሰቡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ዳኘው ጫር ጫር አደረገ።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማዬ።»

«ለዚህች ነው ሰው ሁሉ የተንጫጫው!» አሉ። ከመንጫጫቱ አብዛኛው የማን እንደ ነበረ ለመናገር የደፈረ ግን የለም።

ሰው ግን አሁንም አልተከተበም፤ የእሳቸውን መጨረሻ ይጠብቃል። ጥቂት ቀናት ምንም የለም። ከዚያ ክንዳቸው አበጠ፣ ትኩሳት ጣላቸው። ዳኘው አንዳንዱን ሰው እንዲህ እንደሚያደርገው ያውቃል፤ ቢያውቅም ሌሊት እየተነሣ ያያቸዋል። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ግንባራቸውን ሲዳስስ፣ «ሂድ፣ ፊቴ ላይ አትተንፍስ» ይሉታል። ደጅ ወሬው አልቋል፤ ድሬሰሩ እናቱን ገደለ ተብሏል። ፈንጣጣው ደግሞ ከቀሃ ማዶ ገብቷል፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ሳይከተቡ እንዳሉ ናቸው። እኔ አስካለን አቅፌ የምጸልየው ለማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ ለአማቴ ነው፣ ለልጄ ነው፣ ወይስ ሰፈሩ ሁሉ ከእኒህ ሴት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ለሁሉም ነው።

አንድ ጠዋት ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው መደቡን ሞሉት። አያ ተሰማ ለወገራ መልእክተኛ ማን ይሂድ እያሉ ይመክራሉ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና እመት አንጓች ተጉመጥምጠው፣ ጥርሳቸውን ፍቀው፣ የጉሮሯቸውን ፉት ብለው፣ እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ። መቀመጫ አጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ። አያ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ማንም አልሞተም፣ እመት። ሊሞት ያሰበ ሰው ነበር፤ ተወው» አሉ።

ያን ቀን የአስካለ ተራ ሆነ። ልጅቷ ብልቃጡን አይታ ማልቀስ ጀመረች። ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ እመት አንጓች በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። እሳቸው ያዙት። ለጤናሽ ነው አላሏትም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዳኘው ሲጨርስ ክንዷን አልለቅ አሉ፤ ቀስ ብሎ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቀው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ግን በሌላ መንገድ ያውቃል። እመት አንጓች ደጃፉ ላይ መታጠቢያ ሳፋና ሳሙና አስቀመጡ። ክንዱን በእሳቸው ፊት ያልታጠበ አያልፍም፤ ጥፍሩ ያደገ ቆርጦ ይመለሳል። ሰልፉ እስከ ወንዙ መውረጃ ደረሰ። «እኔ ድሮም ብያለሁ» ይላሉ ለያንዳንዱ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ። ልጄን ይህን እስካስተምረው ድረስ ያየሁት መከራ!» ዳኘው በውስጥ በኩል አንገቱን ደፍቶ ይከትባል። የጤና መኮንኑ ሰልፉን ሰምቶ ሊያይ መጣ። እመት አንጓችን በመንግሥት ስም ሲያመሰግናቸው እጁን ያዙና ጥፍሩን አይተው፣ «አንተም ተሰለፍ» አሉት። ተሰለፈ።

ከማዶ ብዙ ልቅሶ ተሰማ። በእኛ መንገድ ግን ሐዘን የተቀመጠ ቤት አልነበረም። አንዳንዱ ታቦቱ ነው አለ፣ አንዳንዱ የእመት አንጓች ሳሙና ነው አለ፣ ግራዝማች ደምሴ ደግሞ በእግር መሄድ ነው አሉ። ክትባቱን ያነሣ ቢኖር «የእመት አንጓች ክትባት» ብሎ ነው። «ለመሆኑ እኔ እዚያ ነበርሁ?» ብሎ ዳኘው ይጠይቀኝ ነበር፤ እየሳቀ።

ሰፈሩ ጤነኛ ሆነና መድኃኒት ቤቱ ተዘጋ። ለዳኘው ግን የመንግሥት ሥራ ተገኘ፣ ሳንጃ ክሊኒክ። እመት አንጓችን አብረው እንዲወርዱ ለመንናቸው። «ቆላ ወርጄ በንዳድ ልሙት?» ብለው ወደ ወገራ ለመመለስ ቆረጡ።

የሄድን ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። ማኪናው ጭነት ላይ ነበር። እቃችን መሃል ቦታ ይዘን ስንቀመጥ እሳቸው ከታች ቆመው ዳኘውን ያዙት። «ውሃ ሳታፈላ እንዳትጠጣ። ከወንዝ ዳር ቤት አትከራይ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በርህን ዝጋ፣ ጭስ አጭስ። ልጅቷ ባዶ እግሯን አትሂድ። እጅህን…»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ድሬሰር ነኝ» አላቸው።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምነግርህ።»

አስካለን ከማኪናው ላይ ተቀብለው ሳሟት፤ ሳሟት፤ እንደገና ሳሟት። በሽታ እንዳይተላለፍ ብለው አንድ ጉንጭ ብቻ የሚስሙ ሴት ነበሩ። መልሰው ሰጡኝና ወደኋላ ራቅ ብለው በነጠላቸው ከአፍንጫቸው እስከ ዓይናቸው ተሸፈኑ።

«ሂዱ በሉ፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል» አሉ ከነጠላው ውስጥ። «ዓይንም ይጎዳል።»

ማኪናው ግን ገና አልተነሣም ነበር። ሾፌሩ ከታች ቆሞ ጭነት ያስር ነበር።